ማሳላ ፊልም ምንድን ነው? «ዝብርቅርቅ» ማለት እንዳልሆነ

ሰሞኑን አንድ የፊልም ተንታኝ ስለ አንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም ሲያወራ ሰማሁ። ታሪኩ ውል የለውም አለ። ገጸ ባህሪያቱ ከየት መጥተው የት እንደሚገቡ አይታወቅም አለ። መሃል ላይ ሳይታሰብ ዘፈን ይገባል አለ። እስከዚህ ድረስ ተስማምቻለሁ። ከዚያ «ባጭሩ ማሳላ ነው፤ የህንድ ፊልም» ብሎ ዘጋው።

ይህ ቃል ስድብ ሆኖ ሲነገር የሰማሁት የመጀመሪያዬ አይደለም። የዛሬው ግን በዛብኝ። እኔ ኤዲተር ነኝ። ውዬ የማመሸው ትዕይንት ስቆርጥና ስቀጥል ነው። ማሳላ ፊልም ደግሞ ለኤዲተር ከባድ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። ውል የሌለው ፊልም በማሳላ ስም ሲጠራ ዝም ማለት ይከብደኛል።

ማሳላ በሂንዲ የተደባለቀ ቅመም ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ ድብድቡ፣ ፍቅሩ፣ ለቅሶው፣ ሳቁ፣ ዘፈኑና የቤተሰቡ ጣጣ አንድ ላይ ሲሠሩ ማሳላ ፊልም ይባላል። ይህን የህንድ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስህተቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። «ድብልቅ» የሚለውን ቃል ሰምተን «እንደነገሩ የተደባለቀ» ብለን እንፈታዋለን።

እስቲ በርበሬን አስቡ። እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይወቀጣል። ከዝንጅብሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከበሶብላው ጋር ተደልዞ ታፍኖ ያድራል። ከዚያ ፀሐይ ይመታዋል። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና ነጭ አዝሙዱ ገብቶ ይታመስና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ኮረሪማው ትንሽ ከበዛ እናቴ ገና በሽታው ታውቀዋለች። ድብልቅ ነው፤ ግን ከዚህ በላይ ልክና ተራ ያለው ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ማሳላ ፊልምም እንደዚሁ ነው። ምን ምን ገባ ብቻ ሳይሆን መቼ ገባ፣ ስንት ገባ፣ ከምን ቀጥሎ ገባ ነው ጥያቄው።

ምሳሌው የኔ ፈጠራም አይደለም። ናቲያ ሻስትራ የሚባለው ጥንታዊ የህንድ የቴአትር ድርሳን ተመልካች የሚያገኘውን ስሜት «ራሳ» ይለዋል። ትርጉሙ ጭማቂ፣ ጣዕም ነው። ፍቅርን፣ ሳቅን፣ ሐዘንን፣ ቁጣን፣ ጀግንነትን፣ ፍርሃትን፣ መጸየፍንና መደነቅን ይዘረዝራል። ልክ ቅመማ ቅመም ተዋህዶ ጣዕም እንደሚሰጥ ስሜቶችም ተዋህደው ራሳ ይሰጣሉ ይላል። የቦምቤይ ፊልም ሠሪዎች ድርሳኑን እያገላበጡ ይሠሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ሐሳቡ ግን በአገራቸው የቆየ ነው።

በዘመናዊው መልኩ የመጀመሪያው ማሳላ ብዙ ጊዜ የሚባለው በ1973 የወጣው የናሲር ሁሴን «ያዶን ኪ ባራት» ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) እኔ ግን ለማስረዳት የምመርጠው በ1977 ማንሞሃን ዴሳይ የሠራውን «አማር አክባር አንቶኒ»ን ነው። ሰው ማሳላን ሲተችም ሲያደንቅም እሱን ነው የሚያነሳው።

ታሪኩ ይህ ነው። ሦስት ወንድማማቾች በህንድ የነጻነት ቀን፣ በጋንዲ ሐውልት ሥር ከቤተሰባቸው ይለያያሉ። አንዱን ሂንዱ ፖሊስ ያሳድገዋል፤ አማር ይሆናል። አንዱን ሙስሊም ልብስ ሰፊ ያሳድገዋል፤ አክባር ይሆናል። አንዱን የካቶሊክ ቄስ ያሳድገዋል፤ አንቶኒ ይሆናል። ሦስቱን በቅደም ተከተል የሚጫወቱት ቪኖድ ካና፣ ሪሺ ካፑርና አሚታብ ባቻን ናቸው። እናታቸው (የምትጫወተው ኒሩፓ ሮይ ናት) ዓይኗን ታጣለች። አባታቸው ሚስቱም ልጆቹም ያለቁ ይመስለዋል።

አሁን ተንታኞች ሁሉ ወደሚስቁበት ትዕይንት እንምጣ። ሃያ ዓመት አልፏል። እናትየው መኪና ገጭቷት ሆስፒታል ተኝታለች። ደም ያስፈልጋታል። ሦስት ሰዎች ለመስጠት ይመጣሉ። ሦስት አልጋ በተርታ ተዘርግቷል። ሦስቱ ተኝተዋል። ከየክንዳቸው የወጣው ቱቦ ወደ ላይ ወደ አንድ ጠርሙስ ይሄዳል፤ ከጠርሙሱ ወደ እናትየው ይወርዳል። ስም ይጠየቃሉ። አማር። አክባር። አንቶኒ። እነሱ አይተዋወቁም። እሷ እነማን እንደሆኑ አታውቅም። የዘፋኙ የሞሐመድ ራፊ ድምፅ ደም ደም ነው፣ ውሃ አይደለም እያለ ይዘፍናል። የፊልሙ ርዕስ የሚመጣው ገና እዚህ ጋ ነው።

«ደም ወደ ላይ አይፈስም» ይላል ተንታኙ። «ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ደም አይሰጥም። ደግሞስ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ሦስቱ ልጆቿ እንዴት ተገጣጠሙ?»

እንግዲህ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዳይሬክተሩ ደም ወደ ላይ እንደማይፈስ የማያውቅ ይመስላችኋል? ምስሉን እስቲ እንደ ምስል እዩት። ሦስት ሃይማኖት፣ ሦስት ቱቦ፣ አንድ ጠርሙስ፣ አንዲት እናት። ተለያይተው ያደጉትን የአንድ አገር ልጆች በአንድ ፍሬም ውስጥ አስተኝቷቸዋል። ፊልሙ የወጣው በህንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በተነሳ በሁለት ወሩ ነው። የዚያን ጊዜው ተመልካች ያቺ እናት ማን እንደሆነች ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ግጥምጥሞሹም ቢሆን ስህተት አይደለም። ሞተሩ እሱ ነው። በልብ ሰቀላ ፊልም ሚስጥሩን የሚያውቀው ደራሲው ነው፤ ተመልካች ይከተላል። በማሳላ ግን ተመልካቹ ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቁት ገጸ ባህሪያቱ ናቸው። እኛ ወንድማማቾች መሆናቸውን እናውቃለን። ስለዚህ አማርና አንቶኒ መንገድ ላይ ሲደባደቡ የምናየው ድብድብ ብቻ አይደለም። ወንድም ወንድሙን ሲመታ ነው የምናየው። ተነስተን «ወንድምህ ነው!» ማለት ያምረናል። ሲኒማ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም ያየ ሰው ይህን ጩኸት ያውቀዋል። እኛም ልጆች ሆነን ጮኸናል። ግጥምጥሞሹን ከዚያ አውጡትና ሁለት ሰዎች ሲቧቀሱ ብቻ ይቀራል።

ወደ ድስቱ ልመለስ። በርበሬው ጥሩ ሆኖ ወጡ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬው ከተጨመረ ጥሬ ጥሬ ይላል። በማሳላ ፊልም ቁሌቱ የቤተሰቡ መለያየት ነው። ዴሳይ ከርዕሱ በፊት ያንን ሁሉ ጊዜ የወሰደው ለዚህ ነው። የእናትየውን ሕመም፣ የአባትየውን ውርደት፣ የልጆቹን ረሃብ ቀስ አድርጎ ያበስላል። ሳቁና ዘፈኑ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በኋላ እናትየው በሺርዲው ሳይ ባባ መቅደስ ከሐውልቱ ዓይኖች በመጣ ብርሃን ማየት ስትጀምር፣ ሰው የሚያለቅሰው ተአምር ስላየ ብቻ አይደለም። ቁሌቱ በስሎ ስለጠበቀ ነው። የኛ ተንታኝ የጠላው ፊልም የጎደለው ይህ ነው። ቁሌት ሳይኖረው መከለሻ ነሰነሰበት። ታዲያ እሱን ማሳላ ማለት ምን ማለት ነው? ማሳላ መሆን አቅቶት የቀረ ፊልም ነው።

ስለ ዘፈንም አንድ ነገር ልበል፤ የሙያዬ ጉዳይ ነውና። «ዘፈን ሲመጣ ታሪኩ ይቆማል» ይባላል። በዚህ ፊልም ውስጥ ሦስቱ ወንድማማቾችና ሦስቱ ፍቅረኞቻቸው በየቦታቸው ሆነው አንድ ዘፈን የሚጋሩበት ትዕይንት አለ። ተዋናዮቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ ድምፁ የሌላ ነው፤ ለቪኖድ ካና ሙኬሽ፣ ለሪሺ ካፑር ራፊ፣ ለአሚታብ ኪሾር ኩማር፣ ለሦስቱም ሴቶች ላታ ማንጌሽካር ይዘፍናሉ። ኤዲቲንጉ ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ይዘላል። ሦስት የፍቅር ታሪክ በአንድ ዘፈን አለቀ። ያንን በንግግር ብንሠራው ስንት ትዕይንት ይፈጅብን ነበር? ፊልሙ ፊልምፌር በሚባለው የህንድ የፊልም ሽልማት የኤዲቲንጉን ማግኘቱን ሳስብ ደስ ይለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙዎቻችን እነዚህን ፊልሞች ያየነው በተቆራረጠ ኮፒ ነው። የቪዲዮ ካሴቱ ዘፈን ይዘላል። ኢንተርኔት ላይ ያለው አንዳንዱ ዳርና ዳሩ ተቆርጧል። የፊልሙ የመሃል እረፍትም ይጠፋል። ማሳላ ፊልም ደግሞ ለእረፍት ነው የሚገነባው፤ ትልቁ መታጠፊያ ከእረፍት በፊት ይመጣል። ግማሽ ሰዓት የጎደለውን ኮፒ አይቶ «ታሪኩ ይዘላል» ማለት ልክ አይደለም። የዘለለው የቆረጠው ሰው ነው።

ሌላው ስህተት የሚመጣው ከአድናቂዎች ነው። «ማሳላ ማለት አሚታብ ነው፤ ሌላው ማጀቢያ ነው» ይላሉ። ፍቅራቸው ይገባኛል፤ እኔም እወደዋለሁ። አንቶኒ ሱፉን ለብሶ፣ ረጅም ባርኔጣውን ደፍቶ፣ የአንድ ዓይን መነጽሩን ሰክቶ ከትልቁ የፋሲካ እንቁላል ውስጥ ብቅ ሲል ልቤ ይዘላል። ግን ያንን ፊልም ደግማችሁ እዩት። አንቶኒ በመንገዱ ድብድብ በአማር ይሸነፋል። በዚያው በፋሲካው ግብዣም ሰክሮ ይደበደባል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ መስታወት ፊት ይቆማል። በስካር ዓይኑ የሚያየው አንድ የተጎዳ ሰው ነው። ያዝንለታል። መድኃኒት ይቀባዋል፤ ፕላስተር ይለጥፍለታል፤ በመስታወቱ ላይ። ትዕይንቱ አይቸኩልም። ሳቁ ውስጥ ማንም የሌለው ልጅ አለ። ቤተሰቡን ያጣ ሰው ራሱን በመስታወት ሲያጽናና ነው የምናየው። ታላቅነቱ ያለው እዚህ ነው። በርበሬው ድንቅ ነው፤ ግን በርበሬ ብቻውን ወጥ አይሆንም።

«አክተር አይሞትም» የሚለውም አባባል አለ። ልጆች ሆነን ተወራርደንበታል። አሚታብ ግን በ1975 ብቻ ሁለቴ ሞቷል፤ «ዲዋር» ላይም «ሾሌ» ላይም። (ሾሌን ማሳላ ለማለት የማይፈልጉ አሉ፤ የካውቦይ ፊልም ዘመድ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ነው እላለሁ።) በዚያው ዓመት «ቹፕኬ ቹፕኬ» በሚባል ጸጥ ያለ የቤት ውስጥ ኮሜዲም ተጫውቷል። ድብድብ የለ፣ የጠፋ ወንድም የለ። ስለዚህ የህንድ ፊልም ሁሉ ማሳላ አይደለም። የአሚታብ ፊልምም ሁሉ ማሳላ አይደለም። ተዋናይዋን ሻባና አዝሚን እዩ። በ1974 በሺያም ቤኔጋል «አንኩር» ጀመረች፤ ማሳላ ፈጽሞ ያልሆነ ፊልም ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ «አማር አክባር አንቶኒ» ውስጥ ገባች። ሁለቱን ቋንቋ ታውቅ ነበር።

ተዋናዩ ሁሉን ነገር ነው የሚሉትን ትክክል ወደማለት የሚያስጠጋኝ አንድ ፊልም ብቻ ነው። «ኩሊ» ነው፤ የዚያው የዴሳይ ሥራ። በሐምሌ 1982 ባንጋሎር ውስጥ የድብድብ ትዕይንት ሲቀረጽ አሚታብ ሆዱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። በሞትና በሕይወት መካከል ነበር። በህንድ ሕዝቡ ቤተ መቅደስ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጸለየለት። ብዙዎች ደም ለመስጠት ተሰለፉ። ከአምስት ዓመት በፊት ሦስት ሰዎች አልጋ ላይ ተኝተው ለአንዲት እናት ደም ሲሰጡ ያሳየው ፊልም ላይ ተንታኞች ስቀው ነበር። አሁን የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ፣ ለአንድ ሰው ደም ሰጡ። ከተሰጠው ደም በአንዱ ሄፓታይተስ ቢ እንደያዘው አሚታብ ራሱ ከዓመታት በኋላ በይፋ ተናግሯል፤ ስለ በሽታውም ሕዝብ ሲያስተምር ቆይቷል።

በመጀመሪያው የፊልም ጽሑፍ የ«ኩሊ» ጀግና መጨረሻ ላይ ይሞት ነበር። አሚታብ ከሆስፒታል ሲወጣ ዴሳይ መጨረሻውን ቀየረው። ከሞት የተመለሰን ሰው በፊልም መግደል አልሆነለትም። ሌላም ነገር አደረገ። ፊልሙ በ1983 ሲወጣ፣ ጉዳቱ በደረሰበት ቅጽበት ምስሉ ይቆማል። ቀጥ ብሎ ይቆማል። አሚታብ የተጎዳው እዚህ ጋ ነው የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሰው ያነብበታል። ከዚያ ምስሉ ይንቀሳቀስና ድብድቡ ካቆመበት ይቀጥላል።