ቀደም ብሎ በአካል መምረጥ ወይስ በፖስታ? ልዩነቱ ምንድን ነው?

አገር ቤት ምርጫ አንድ ቀን ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ የተሰለፈ ሰው ያን ቀን አይረሳውም፤ ሰልፉን፣ ጣቱ ላይ የተቀባውን ቀለም፣ ወረቀቱን አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ የከተተበትን ቅጽበት። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩት አክስቴ የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ ሲዘጋጁ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ኦክቶበር ላይ ግን የፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ወፍራም ፖስታ አገኙና ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ የእውነቱ ነው ወይስ ናሙና?» የእውነቱ ነበር። «ታዲያ ቤቴ ድረስ ከመጣልኝ ምን ብዬ ልሰለፍ?» አሉ።

ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ቦታ የምርጫው ዕለት የመጨረሻው ቀን እንጂ ብቸኛው ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው ቀደም ብሎ በአካል መምረጥ ነው። ምርጫው ቀናት ወይም ሳምንታት ሲቀሩት የተከፈተ ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ስምዎ ከመዝገብ ይፈለጋል፣ ወረቀት ይሰጥዎታል፣ ሞልተው ማሽኑ ውስጥ ያስገባሉ፣ አለቀ። ከምርጫው ዕለት የሚለየው በዋናነት በቀኑ ነው። ሁለተኛው በፖስታ መምረጥ ነው። ወረቀቱ ቤት ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ይሞላል፣ መመለሻው ፖስታ ላይ ተፈርሞ በፖስታ ቤት ይላካል ወይም የምርጫ ቢሮው ባስቀመጠው ሳጥን ውስጥ ይገባል።

በፖስታ መምረጥ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ወታደሮች ከጦር ሜዳ ሆነው መርጠዋል። ካሊፎርኒያ በ1978 ማንም ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ በፖስታ እንዲመርጥ ፈቀደች፤ የኦሪገን ሕዝብ ደግሞ በ1998 ምርጫው ሁሉ በፖስታ እንዲሆን ራሱ በድምፅ ወሰነ። በወረርሽኙ ዓመት፣ በ2020፣ ከመራጩ 43 በመቶ የሚሆነው ድምፁን የሰጠው በፖስታ ነበር።

በየትኛው በር መግባት እንደሚቻል የሚወስነው የሚኖሩበት ስቴት ነው፤ የዘመድ ምክር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ሲያትል ያለ ወንድም «እኔ ሁሌም ቤቴ ይመጣልኛል» ቢል ትክክል ነው፤ ዋሽንግተን ስቴት ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀቱን ትልካለች። ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ ካሊፎርኒያ እና ዲሲም እንዲሁ ያደርጋሉ። ዳላስ ያለች እህቱ ግን 65 ዓመት ካልሞላት፣ ካልታመመች፣ ከካውንቲዋ ውጭ ካልሆነች ወይም ሕጉ የሚዘረዝረው ሌላ ምክንያት ከሌላት በቀር ቴክሳስ በፖስታ እንድትመርጥ አትፈቅድላትም። ቨርጂኒያ በአካል ቀደም ብሎ መምረጥን ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው ትጀምርና ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ትዘጋለች፤ መጀመሪያ ላይ የሚከፈተው ዋናው የምርጫ ቢሮ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሰፈርዎ ያለው ጣቢያ መቼ እንደሚከፈት ማጣራት ይገባል። ሜሪላንድ የምትሰጠው 8 ቀን ነው፤ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ። ፓርኪንግ ወይም ነርሲንግ ሆም ውስጥ ድርብ ሽፍት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አላባማ፣ ሚሲሲፒና ኒው ሃምፕሸር ደግሞ ቀደም ብሎ በአካል የመምረጥ ሥርዓት የላቸውም።

እንግዲህ ሁለቱም በር ተከፍቶልዎት ከሆነ የቱ ይሻላል? ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ምቾቱን ነው፤ ሰልፍ መቆም ወይስ ቤት መቀመጥ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ስህተት ቢሠሩ ማን ያይልዎታል? መቼስ ያይልዎታል?

ጣቢያ ውስጥ ስህተቱ እዚያው እያሉ ይታያል። አንድ ሰው መምረጥ በሚገባዎት ቦታ ሁለት ሰው ላይ ምልክት ቢያደርጉ ማሽኑ ያስጠነቅቅዎታል፤ በ2002 የወጣው የፌዴራል የምርጫ ሕግ መራጩ ድምፁ ከመቆጠሩ በፊት ስህተቱን የማረም ዕድል እንዲኖረው ያዝዛል። ወረቀቱ ቢበላሽብዎት ሌላ ይሰጥዎታል። ስምዎ መዝገብ ላይ ካልተገኘም የሚጠይቁት ሰው ፊትዎ ቆሟል። ይህ የመጨረሻው ለኛ ሰው ቀላል አይደለም። የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ፣ የአያታችን ስም እንደ መካከለኛ ስም ይመዘገባል፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ የሚሉት አንዴ ተለያይተው አንዴ ተጣብቀው ይጻፋሉ። አንድ ፊደል ሲለወጥ መዝገቡ ውስጥ የሌሉ ይመስላል። ቀደም ብለው ከሄዱና እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት ደግሞ ለማስተካከል ቀናት አሉዎት፤ በምርጫው ዕለት ማታ ቢገጥምዎት ግን የሉዎትም።

በፖስታ ሲሆን ስህተቱ የሚታየው እርስዎ በሌሉበት ነው። በ2020 በፖስታ ከተመለሱት ወረቀቶች ውስጥ ሳይቆጠሩ የቀሩት 0.8 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በፖስታ መምረጥ አደገኛ ነው የሚለውን ወሬ አይደግፍም። ነገር ግን ከወደቁት ውስጥ ሲሶ ያህሉን የጣለው አንድ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ፦ ፊርማ አለመመሳሰል።

ፊርማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ሳይነግረን የሚያመልጠን እሱ ነውና። ዲሲ፣ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ፖስታው ላይ ያለውን ፊርማ ከመዝገባቸው ካለው ጋር ያስተያያሉ። መዝገባቸው ያለው ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ዲኤምቪ ውስጥ በመስታወት ሰሌዳ ላይ በችኮላ የሞነጫጨርነው ነው። ስንቶቻችን አንድ ቦታ በአማርኛ፣ ሌላ ቦታ በእንግሊዝኛ ፊደል እንፈርማለን? የአንዳንድ አረጋዊ እናት ፊርማ ደግሞ ስማቸውን ቀስ አድርገው መጻፍ ነው፤ እጃቸው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይለወጣል። ቨርጂኒያ ፊርማ በማስተያየት ፋንታ የምትተማመነው ፖስታው ላይ በሚጻፉት የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮችና የልደት ዓመት ነው፤ እነሱን መዝለል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቴክሳስ መታወቂያ ቁጥር ፖስታው ላይ እንዲጻፍ የሚያዝ ሕግ አውጥታ በማርች 2022 የፕሪመሪ ምርጫ (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸው የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ላይ ስትሠራበት፣ በፖስታ ከመጡት ወደ 12 በመቶ የሚሆኑት ውድቅ ተደረጉ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወረቀቱን በውስጠኛው የምሥጢር ፖስታ ሳይከቱ መላክ ድምፁን ያስጥላል። ብዙ ስቴቶች እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገኝ ለመራጩ ደውለው ወይም ጽፈው እንዲያርም ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ በፖስታ ለሚመርጥ ሰው ትክክለኛ ስልክ ቁጥር መመዝገብና በዚያ ሰሞን የማያውቁትን ቁጥር ማንሳት ዋጋ አለው።

ሌላው ጊዜ ነው። ኮሎራዶ፣ ጆርጂያና ሚኒሶታ ወረቀቱ በምርጫው ዕለት ምሽት እጃቸው መግባት አለበት ይላሉ፤ የተላከበት ቀን አያድነውም። ካሊፎርኒያ ግን የፖስታ ቤቱ ማኅተም እስከ ምርጫው ዕለት ያለውን ቀን ካሳየ 7 ቀን ትጠብቃለች። ይህ የመጠበቅ ነገር ራሱ ክርክር ተነሥቶበታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2025 ስለዚሁ የሚሲሲፒን ጉዳይ ለማየት ተቀብሏል። ስለዚህ የዘንድሮውን የጊዜ ገደብ ከስቴትዎ የምርጫ ቢሮ ያረጋግጡ እንጂ ባለፈው ምርጫ በነበረው አይተማመኑ። ማኅተሙም ቢሆን እንደምናስበው አይደለም። ፖስታ ቤቱ በ2025 መጨረሻ በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ ማኅተሙ ላይ የሚታየው ቀን ደብዳቤውን ያስገቡበት ቀን ላይሆን ይችላል። ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ መላክን የሚመክረውም ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው። ከዘገዩ ወረቀቱን የምርጫ ቢሮው ሳጥን ውስጥ በእጅዎ ያስገቡት።

ይህን ሁሉ ብዬ በፖስታ መምረጥን የማጣጥል እንዳይመስል። ጣቢያ የማይሰጥዎትን አንድ ነገር ይሰጣል፦ ጊዜ። የአሜሪካ ምርጫ ወረቀት ፕሬዚዳንትና ሴናተር ብቻ አይደለም፤ ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ ለመንገድ ሥራ የሚወሰድ ብድር፣ ሦስት ጊዜ ተነቦ የማይገባ የሕግ ማሻሻያ አለበት። ቡና አፍልቶ፣ የማያውቁትን ስም ፈልጎ፣ ልጅን «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆ መሙላት የሚቻለው ቤት ነው። የፌዴራሉ የምርጫ ቋንቋ ሕግ ስፓኒሽን፣ የእስያንና የአገሬው ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች እንጂ አማርኛን አያካትትም። ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት በአማርኛ የተዘጋጀ የመራጮች መረጃ አላት። በሌላ ቦታ ለሚኖር፣ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው ሌላ መብት አለ፦ ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የሚያግዘውን ሰው ራሱ መርጦ ጣቢያው ውስጥ ይዞ መግባት ይችላል። ልጅ ይሁን ጎረቤት፣ ችግር የለውም። አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ብቻ አይሆንም።

ቤት ውስጥ የመሙላት ሌላ ገጽም አለው፤ ስለዚህ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም። ጣቢያ ውስጥ መጋረጃ አለ። ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የለም። የቤቱ አባወራ የሁሉንም ወረቀት ሰብስቦ የሚሞላበት፣ ወይም እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» የሚልበት ቤት አለ። በመልካም ልብ ይደረግ ይሆናል፤ ግን የሌላን ሰው ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ የእናትንም ድምፅ መንጠቅ ነው። ሚስትና ባል ወይም አማችና ልጅ በፖለቲካ የማይስማሙበት ቤት ከሆነ በአካል ሄዶ መምረጥ ከሁሉ ይሻላል እላለሁ። የማኅበር አባላትን ፖስታ ሰብስቦ «እኔ አስገባላችኋለሁ» ማለትም መልካም ቢመስልም ይቅር። ጆርጂያን የመሰሉ ስቴቶች የሌላ ሰው ወረቀት መመለስ የሚፈቅዱት ለቤተሰብ፣ አብሮ ለሚኖርና ለመሰሉት ብቻ ነው።

በፕሪመሪ ምርጫ ላይ ደግሞ መቸኮል የራሱ ዋጋ አለው። በ2020 የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩት ፒት ቡቲጄጅና ኤሚ ክሎብሻር ከውድድሩ የወጡት አሥራ አራት ስቴቶች ሊመርጡ አንድና ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነበር፤ ቀደም ብለው ለእነሱ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ድምፃቸውን መለወጥ አልቻሉም። ብዙ ዕጩ ባለበት ፕሪመሪ መጨረሻው ሳምንት ድረስ መጠበቅ አይከፋም።

ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ዜጎች ምርጫው አንድ ነው። አዲስ አበባ ወላጅ ለማስታመም የሄደ ወይም ጠቅልሎ የገባ አሜሪካዊ ዜጋ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ይችላል፤ ለዚህ የተዘጋጀውን የፌዴራል ማመልከቻ ሞልቶ ለመጨረሻ ጊዜ ለኖረበት ስቴት ይልካል። በጊዜ ያመለከተ እንደሆነ ስቴቱ ወረቀቱን ምርጫው ቢያንስ 45 ቀን ሲቀረው መላክ ግዴታው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳልናገር አላልፍም። ግሪን ካርድ ይዞ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ክልክል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ወረቀቱ በስህተት ቤትዎ ቢመጣ እንኳ አይሙሉት። ሜሪላንድ ውስጥ እንዳለችው ታኮማ ፓርክ ያሉ ጥቂት ከተሞች ዜጋ ላልሆነ ነዋሪ የሚፈቅዱት ለአካባቢ ምርጫ ብቻ ነው።

አክስቴ በመጨረሻ ሁለቱንም በር ተጠቀሙ። ወረቀቱን ሁለት ምሽት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው አነበቡት፣ የመረጡትን በአማርኛ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ጣቢያ ሄዱ። ዲሲ ወረቀቱን ለሁሉም ስለምትልክ ፖስታው ቤት መቅረቱ ችግር አልሆነም፤ ሜሪላንድ ቢሆን ኖሮ ግን በፖስታ ጠይቀው በአካል ሲመጡ ተጣርቶ በኋላ የሚቆጠር ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጧቸው ነበር። ማሽኑ ወረቀቱን ሲውጠው ቆመው አዩት። ሰኞ ጠዋት ደውለው «ፊርማዬን በአማርኛ አድርጌ መዝገቡ ላይ ላስለውጥ ነው፤ ለሚቀጥለው ከቤቴ እልካለሁ» አሉኝ። ቅጹን አብረን ሞላነው።