የመጠይቅ ዳታ ለሪፖርት ሲደራጅ፦ ደሴና ኮምቦልቻ

የመጠይቅ ዳታን ለሪፖርት ማደራጀት ማለት ሰዎች የሰጡትን መልስ ለመቁጠርና ለማወዳደር በሚመች ሰንጠረዥ ማስቀመጥ ነው። ቴክኒኩ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ላብ የሚያስወጣው የአገራችን ፊደልና የቀን አቆጣጠር ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ የንግድና የቢሮ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ ፋብሪካና በ2009 ዓ.ም የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ሠራተኛና ደንበኛ ባለበት ሁሉ መጠይቅ አይጠፋም።

ዛሬ ብዙው መጠይቅ ኮቦን በመሰለ መተግበሪያ በስልክ ይሞላል፤ ከዚያ ወደ ኤክሴል ይወርዳል። የሚወርደው ፋይል ለአንድ መላሽ አንድ ረድፍ፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ዓምድ ይሰጣል። ለዓይን ያምራል፤ ለሪፖርት ግን አይመችም። በሚቀጥለው ዙር ሁለት ጥያቄ ከተጨመረ የተሠራው ሁሉ እንደገና መነካካት አለበት።

ስለዚህ ጎን ለጎን የተዘረጋው ወደ ታች ይወርዳል። 300 ሰው 20 ጥያቄ ከመለሰ 6,000 ረድፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ረድፍ የመላሹን ቁጥር፣ የጥያቄውን ቁጥርና መልሱን ብቻ ይይዛል። ኤክሴልና ፓወር ቢአይ (የማይክሮሶፍት የሪፖርት መሥሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ያለው ፓወር ኩዌሪ የተባለ ዳታ ማስተካከያ ይህን «አንፒቮት» በሚባል ትእዛዝ ይጨርሰዋል። በመልሶቹ ሰንጠረዥ ዙሪያ የመላሾች፣ የጥያቄዎችና የቀን ሰንጠረዦች ይቆማሉ። ቅርጹ ኮከብ ስለሚመስል ስታር ስኪማ ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «የት ነው የሚገበያዩት?» ሲባል አንዱ ሰው ፒያሳም፣ ሰኞ ገበያም ይላል፤ እያንዳንዱ ምርጫም የራሱን ረድፍ ይይዛል። ረድፍ የቆጠረ ሰው 300ውን መላሽ 450 አድርጎት ቁጭ ይላል። መቆጠር ያለበት ሰው ነው።

ሌላው ከ1 እስከ 5 የሚሰጥ ነጥብ ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬንሲስ ላይከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዓይነት። «አላውቅም» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ 99 ተብሎ ይመዘገባል። አራት ሰዎች 4 ሰጥተው አምስተኛው «አላውቅም» ቢል አማካዩ 23 ይመጣል። ከ5 ነጥብ 23 ያገኘ ሱቅ! 99ኙ ከአማካዩ መውጣት፣ ለብቻው ግን መቆጠር አለበት። ብዙ ሰው «አላውቅም» ካለ ጥያቄው ራሱ ሳይገባው ቀርቶ ይሆናል።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ ለእኛ አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተር ሦስት ነው። «ኮንቦልቻ» ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። ከሰበሰቡ በኋላ ከማጽዳት ይልቅ የቦታ ስም ከዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግና ለእያንዳንዱ ኮድ መስጠት ይሻላል። በእጅ እንዲጻፍ የተተወ ቦታ ሁሉ በኋላ ዕዳ ነው።

ቀኑም እንደዚያው። ስልኩ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ፓወር ቢአይ ጳጉሜን አያውቃትም። ስለዚህ በቀን ሰንጠረዡ ላይ ከእያንዳንዱ የፈረንጅ ቀን ጎን የእኛ ቀን፣ ወርና የበጀት ሩብ ዓመት ይጻፋል። አንዴ ከተሠራ ለሁሉም ሪፖርት ያገለግላል። ሰዓትም ያምታታል፤ መላሹ «ጠዋት 3 ሰዓት» ያለው ስልኩ ላይ 9 ነው።

ስምና ስልክ ቁጥር ሪፖርቱ ውስጥ አይገቡም። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ የስፌት ክፍል ውስጥ ሁለት ወንዶች ብቻ ካሉ፣ ሪፖርቱን በክፍልና በፆታ ያጣራ አለቃ ማን እንዳማረረ ወዲያው ይገባዋል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎችን የያዙ ቡድኖች ከሌላው ጋር ተደምረው ነው የሚታዩት።