ግዋይ ሃናስ፦ የሚወራውና እውነቱ

ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ሃይዳ ግዋይ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ደቡቡ ክፍል ግዋይ ሃናስ ይባላል። ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። የመኪና መንገድ የለውም፤ የሚገባው በጀልባ ወይም ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ነው። የሚጠብቁት የአገሬው ተወላጅ የሆነው የሃይዳ ሕዝብና የካናዳ መንግሥት አብረው ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ደኑን ያዳነው መንግሥት ነው»

የቀደሙት ሃይዳዎች ናቸው። በ1985 ቦታውን ራሳቸው የሃይዳ ቅርስ ብለው አወጁ። በዚያው ዓመት እዚያው ግዋይ ሃናስ ውስጥ ባለው ላየል ደሴት ላይ የእንጨት ቆራጮችን መንገድ ዘጉ። 72 ሰው ታሰረ፤ አዛውንቶች ሳይቀሩ። ፓርክ እንዲሆን የፌዴራሉና የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የተስማሙት በ1987 ነው።

«አብሮ ለማስተዳደር መጀመሪያ ባለቤቱ መለየት አለበት»

እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ሃይዳዎችና ካናዳ ቦታውን አብረው ለማስተዳደር በ1993 የፈረሙት ስምምነት የባለቤትነቱን ጥያቄ አልፈታም። ሃይዳዎች መሬቱ የእኛ ነው አሉ። ካናዳ ደግሞ የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥት ነው አለች። ሁለቱም አቋማቸውን እዚያው ሰነድ ላይ ጎን ለጎን አሰፈሩ። ከዚያ ቦታው ይጠበቅ በሚለው ተስማምተው ፈረሙ! ክርክሩ እስኪቋጭ ቢጠብቁ ኖሮ ሠላሳ ዓመት ያልፍ ነበር። ደሴቶቹ ያሉበት ክፍለ ሀገር፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት የሃይዳዎችን የመሬት መብት በስምምነት የተቀበለው በ2024 ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ2025።

ሃይዳዎቹ ለይስሙላ የሚማከሩም አይደሉም። የአስተዳደር ቦርዱ ከሁለቱም ወገን እኩል አባላት አሉት። የሚወስነውም በመግባባት እንጂ በድምፅ ብልጫ አይደለም። ካልተግባቡ ጉዳዩ ወደ ሃይዳ ብሔር ምክር ቤትና ወደ ካናዳ መንግሥት ይመራል።

«ጥበቃ ማለት ምንም አለመንካት ነው»

ሃይዳዎች እዚያ ያድናሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ለታንኳና ለሚቀርጹት ምሰሶ የተመረጠ ዛፍ ይቆርጣሉ። በ2013 የስምምነቱን 20ኛ ዓመት ያከበሩት ያው መንገድ የተዘጋበት ላየል ደሴት ላይ ትልቅ ምሰሶ አቁመው ነው።

አንዳንዴ ጥበቃው ራሱ ማጥፋትን ይጠይቃል። አጋዘን የደሴቶቹ ተወላጅ አይደለም፤ ሰው ነው ያመጣው። ተኩላ ስለሌለ ተራባ፤ የቀይ ዝግባውን ቡቃያ ገና ሳያድግ ይበላዋል። ስለዚህ በተመረጡ ደሴቶች ላይ አጋዘን እንዲወገድ ተደርጓል። በመርከብ የገቡት አይጦችም የባሕር ወፎችን እንቁላልና ጫጩት ስለሚበሉ ተመሳሳይ ዘመቻ ተከፍቶባቸዋል።

«የሚጠበቀው የብሱ ብቻ ነው»

በ2010 ባሕሩም ተጨምሯል። የብሱ 1,470 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባሕሩ 3,500 ገደማ። ባሕሩ ይበልጣል ማለት ነው።

«ጎብኚ አይገባም»

ይገባል። ግን አስቀድሞ ቦታ ማስያዝና ገለጻ መከታተል አለበት። በጥንቶቹ የሃይዳ መንደሮች በሞቃታማዎቹ ወራት የሃይዳ ጠባቂዎች ይኖራሉ፤ ታሪኩንም የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ከመንደሮቹ አንዱ ስጋንግ ግዋይ ከ1981 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንደር ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ12 ጎብኚ በላይ አይፈቀድም፤ ሞልቶ ከደረሱ ጀልባ ላይ ተራ መጠበቅ ነው።