አልፎንሶ 5ኛ፦ ወጥቶ የቀረው የአራጎን ንጉሥ

አልፎንሶ 5ኛ በ1396 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዛሬዋ ስፔን፣ በካስቲል መንግሥት፣ መዲና ዴል ካምፖ ተወለደ። አባቱ ፈርናንዶ ሲሞት በ1416 የጎረቤቱን የአራጎን መንግሥት ዘውድ ደፋ። ካታሎኒያ፣ ቫሌንሲያና ሲሲሊም በዚያው ዘውድ ሥር ነበሩ።

እሱ ግን ዓይኑን የጣለው በጣሊያን ባለችው በናፖሊ ላይ ነው። ልጅ ያልነበራት የናፖሊ ንግሥት ጆቫና 2ኛ በ1421 ወራሽዋ አድርጋ በማደጎ ተቀበለችው። ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ፤ እሷም ቃሏን አጠፈች። አልፎንሶ ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም። በ1432 ከስፔን ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አገሩን የማስተዳደሩ ሸክም በሚስቱ በማሪያ ላይ ወደቀ።

በ1435 ፖንዛ ደሴት አጠገብ ከጄኖቫ መርከቦች ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ ተማረከም። የሚላኑ መስፍን ፊሊፖ ማሪያ ቪስኮንቲ እጅ ገባ። የምላሱ ኃይል የታየው እዚህ ላይ ነው። ናፖሊ በተቀናቃኞቹ በፈረንሳዮች እጅ ብትገባ ለሚላንም እንደማይበጅ አስረድቶ መስፍኑን አሳመነው። እስረኛ ሆኖ የገባው ሰው ወዳጅ ሆኖ ወጣ።

ናፖሊን የያዘው በሰኔ 1442 ነው። ወታደሮቹ በከተማዋ የውኃ መተላለፊያ ቦይ ተሽሎክሉከው ውስጥ ገቡ። ወንድሙ ፔድሮ ይህን አላየም፤ ቀደም ሲል በ1438 ከተማዋ ስትከበብ በመድፍ ተመትቶ ሞቷል።

ይህ ፔድሮ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አልፎንሶና ዓፄ ይስሐቅ በ1428 ገደማ ሲጻጻፉ በጋብቻ ለመዛመድ ታስቦ ነበር። ኢትዮጵያዊት ልዕልት እንዲያገባ የታጨው እሱ ነው። ነገሩ እንደታሰበ ቀረ። ንጉሡ ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው 13 ሰዎችም መንገድ ላይ አለቁ። ይህን ራሱ በ1450 ለዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጽፏል፤ የእጅ ባለሙያዎችን ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ፣ መንገዱ ግን ዋስትና ይኑረው ነው ነገሩ።

በናፖሊ ቤተ መንግሥቱ የሊቃውንት መሰብሰቢያ ሆነ። አርማው የተከፈተ መጽሐፍ ነበር። ሊቁ ሎሬንዞ ቫላ ለሮማው ጳጳስ ምድራዊ ሥልጣን ማስረጃ ይባል የነበረው «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» የተሰኘ ሰነድ ሐሰተኛ መሆኑን በ1440 ያጋለጠው አልፎንሶን እያገለገለ ነው። ንጉሡ ያኔ ከጳጳሱ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ጽሑፉ ሳያስደስተው አልቀረም።

አልፎንሶ በሰኔ 1458 ናፖሊ ውስጥ ሞተ። ከማሪያ ልጅ አልነበረውም። ናፖሊን ከሌላ ሴት የወለደው ፌራንቴ ወረሰ፤ አራጎንና ሲሲሊ ለወንድሙ ለኹዋን ደረሱ። ማሪያም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቫሌንሲያ ውስጥ አረፈች።