ምት መያዝ ምንድን ነው?

ሚንጃር ሰርግ ላይ ከበሮው ገና ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታ ዳሱ በሙሉ እኩል ያጨበጭባል። ማንም ቆጥሮ አላስጀመረም። ዳር ተቀምጠው ጠላቸውን የሚጎነጩት አባት እንኳ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ጣታቸው ጣሳው ላይ ምቱን ይመታል። ይህ ነው ምት መያዝ። ከምንሰማው ድምፅ ውስጥ እኩል እየተራራቀ የሚመላለሰውን ምት ለይተን እናወጣለን፣ ሰውነታችንንም ከሱ ጋር እኩል እናንቀሳቅሳለን።

ቀላል ይመስላል። የሙዚቃ ሥነ ልቦና አጥኚዎች ግን ዛሬም ድረስ ይደክሙበታል። ለምን ቢባል፣ ሰው ድምፅ ሰምቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ከበሮውን ከሰማን በኋላ ቢሆን የምናጨበጭበው፣ ጭብጨባችን ሁሌ ከከበሮው ኋላ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። አይንጠባጠብም። እንዲያውም ሰዎችን ላቦራቶሪ አስቀምጠው ከቋሚ ድምፅ ጋር እኩል በጣታችሁ ምቱ ሲሏቸው፣ አብዛኛው ሰው ድምፁን በሰከንድ ጥቂት መቶኛዎች ያህል ቀድሞ ይመታል። ለራሱ ልክ እኩል የመታ ይመስለዋል።

እንግዲህ ምት የያዘ ሰው ከበሮውን እየተከተለ አይደለም። እየጠበቀው ነው። ቀጣዩ ምት የት እንደሚያርፍ አእምሮው አስቀድሞ ገምቶ እጁን በጊዜ ይልካል። ከበሮ መቺው ላቡን ሊጠርግ አንድ ምት ቢዘል፣ ዳሱ የተዘለለችውን ምት ያጨበጭባታል። ከበሮው ዝም ቢልም ምቱ በሰዉ ውስጥ ቀጥሏላ!

ዜማ ሁሉ ግን ምት አይሰጥም። መንዝ ውስጥ አንዱ ተነስቶ ቀረርቶውን ሲለቀው ማን ያጨበጭባል? ድምፁን እንደ ልቡ ይስበዋል፣ ያጥፈዋል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ያቆማል። የሚቀጥለው ቃል መቼ እንደሚመጣ መገመት አይቻልም። ስለዚህ አድማጩ እጁን ሰብስቦ ግጥሙን ይሰማል፣ «በለው!» የሚለውም ስንኙ ሲዘጋ ነው። እንጉርጉሮም እንደዚሁ።

ሁለቱን ዓይነት አዳማመጥ በአንድ ሌሊት ማየት የፈለገ ማሕሌት ይቁም። ተጉለት መቼም በስሙ የሚጠራ አቋቋም ያለው አገር ነው። መጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ መሣሪያ ይዜማል። ቀጥሎ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ማለት ይጀምራል፣ ዝማሜ ይሉታል። ጸናጽሉ ይገባል። ከበሮው ሲጨመር በመረግድ ዝግ ብሎ ይሄድና በጽፋት ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይከተላል። ያው ዜማ፣ ያው ቃል ነው። መጀመሪያ በጆሮ ብቻ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ ትከሻ፣ ወደ ጉልበት ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፈጣን ምት ይከብዳል ብለን እናስባለን። የሚከብደው ግን ዝግ ያለው ነው። ሰው ያለ ድካም የሚይዘው ምት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 አካባቢ የሚመታውን ነው፣ በሁለት ምት መካከል ግማሽ ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ክፍተቱ ወደ 2 ሰከንድ ሲጠጋ ግምቱ ይላላል፣ እያንዳንዱ ምት ለብቻው የቆመ ድምፅ ይሆናል። መድኃኒቱ ክፍተቱን መከፋፈል ነው። በውስጥ መቁጠር ይቻላል፣ ሰውነትን ማወዛወዝ ደግሞ ይበልጣል። ከመቋሚያው ጋር አብሮ የሚወዛወዝ መዘምር ቀጣዩን ምት አይስትም።

ሰውነት የገባው በአጋጣሚ አይደለም። ሰው ሳይንቀሳቀስ ምት ያለው ነገር ሲያዳምጥ አንጎሉን በመሣሪያ ቢያዩት፣ እንቅስቃሴን የሚመሩት ክፍሎች ሲሠሩ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ በፓርኪንሰን በሽታ የሚጎዳው ነው። እርምጃቸው የሚያጥርባቸውና የሚታሰርባቸው የፓርኪንሰን ሕሙማን ቋሚ ምት እየሰሙ ሲራመዱ ብዙዎቹ አካሄዳቸው የሚሻሻለውም ለዚህ ነው። ውስጣቸው የደከመውን ምት ከውጭ ያገኙታል።

ይህ ችሎታ በእንስሳት ዓለም ብርቅ ነው። ስኖውቦል የሚባል በቀቀን ዘፈኑ ሲፈጥንና ሲዘገይ አብሮ እየለዋወጠ እንደሚጨፍር እ.ኤ.አ. በ2009 ተመዝግቧል። ሬሰስ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ግን ብዙ ሠልጥነውም በአብዛኛው ከድምፁ ኋላ ይመታሉ፣ ቀድሞ መጠበቅ ይቸግራቸዋል። ጓሳ ላይ ጭላዳ እስክስታ ሲወርድ ለማየት ባትጠብቁ ይሻላል።

ታዲያ ከየት እንማረዋለን? ለኔ በጣም ደስ የሚለው መልስ ከካናዳ የመጣው ነው። ጄሲካ ፊሊፕስ-ሲልቨርና ሎረል ትሬይነር እ.ኤ.አ. በ2005 የ7 ወር ሕፃናትን በሁለትም በሦስትም ለመቁጠር የሚመች፣ የትኛው ምት ጠንካራ እንደሆነ የማይለይ ድምፅ አሰሟቸው። እያሰሙ ግማሾቹን በየሁለተኛው ምት፣ ግማሾቹን በየሦስተኛው ምት ሽቅብ ቁልቁል አወዛወዟቸው። በኋላ ጠንካራው ምት የተለየበትን ድምፅ ሲያቀርቡላቸው፣ ሕፃናቱ በየተወዛወዙበት አቆጣጠር የተመታውን መርጠው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ። ዓይናቸው ተሸፍኖም ያው ሆነ። ሌላ ሰው ሲወዛወዝ ዝም ብለው ያዩት ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አላሳዩም።

ይህንን ያነበበ የሸዋ ሰው አንቀልባ ትዝ ካላለው ይገርመኛል። እናቲቱ ልጇን አዝላ እሹሩሩ ትላለች፣ ሰርግ ቤትም እንዳዘለች ታጨበጭባለች። ችክችካችን ለሁለትም ለሦስትም የሚቆጠር ምት ነው። እንግዳ ሰው የት ላይ እንደሚያጨበጭብ ግራ ይገባዋል። የኛ ልጅ ግን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ገና አፉን ሳይፈታ ሰውነቱ ያውቀዋል። ሌላ ጥናትም ይህንን ይደግፋል። የሰሜን አሜሪካ ሕፃናት በ6 ወራቸው የባልካን አገሮችን ውስብስብ ምት ሲዛባ ይለያሉ፣ ዓመት ሲሞላቸው ግን ጆሯቸው ለቤታቸው ምት ብቻ የተሳለ ይሆናል።

ከፍ ሲል ደግሞ ሥራው ያስተምረዋል። ቀወት ወርዳችሁ ማሽላ በዱላ ሲወቃ ብታዩ፣ ወቂዎቹ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ቆመው ይፈራረቃሉ። የአንዱ ወገን ሲወርድ የሌላው ይነሳል። አንዱ ከዘገየ ዱላ ከዱላ ይጋጫል። አውራጁ ዜማውን ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ማንም ስለ ምት አያስብም።

«እኔ ምት የለኝም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከምር የሌላቸው በጣም ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሞንትሪያል አጥኚዎች ማትዩ ብለው የጠሩት አንድ ወጣት በርግጥ ከዘፈን ጋር እኩል መወዛወዝ አልቻለም፣ ሌላው ሰው መሳቱንም ለማወቅ ይቸገር ነበር። ጉዳዩ ብርቅ ስለሆነ ነው የተጻፈለት። የቀሩት አፍረው ነው ወይ ገና በልጅነታቸው «አንተ ተቀመጥ» ተብለው ነው።

እነሱን የሚጠቅም ሌላ ግኝት አለ። ጀርመን አገር ላይፕዚሽ ውስጥ ኪርሽነርና ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ትንንሽ ልጆችን አንዴ ከሰው ጋር፣ አንዴ ከሚመታ ማሽን ጋር፣ አንዴ ከስፒከር በሚወጣ ድምፅ አብረው ከበሮ እንዲመቱ አደረጉ። ልጆቹ ከሰው ጋር ሲመቱ ምቱን የበለጠ ያዙ፣ ገና 2 ዓመት ተኩል የሆናቸው ጭምር።

የሰርግ ኪቦርድ የማልወድበትን ምክንያት በዚህ አገኘሁት። ኪቦርዱ አንዴ ፍጥነቱ ከተሞላ ሰው ደከመ አልደከመ ግድ የለውም። ከበሮ መቺው ግን ትከሻችሁን ያያል፣ ስትሞቁ ያፈጥናል፣ ስትንገዳገዱ ይጠብቃችኋል። ምት ይጠፋብኛል የምትሉ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ሰርግ ከስፒከሩ ራቁና ከበሮ መቺው አጠገብ ቁሙ።