«ሜጀር» ምንድን ነው? ምን እንደምንማር በእንግሊዝኛ ስንናገር

የእህቴ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ ጠያቂ ሆኜ አለማመድኳት። ዩኒቨርሲቲ ምን እንደምትማር ስጠይቃት ሳታመነታ «አይ ለርን አካውንቲንግ» አለች። ሰዋስዉ አልተሰበረም፤ ጆሮ ላይ ግን ይጎረብጣል።

ይህን ስህተት የሚያሠራን የራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛ ላይ «መማር» ሁሉንም ይሸከማል፤ ዩኒቨርሲቲ መመዝገቡንም፣ ክፍል መግባቱንም፣ ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ መቅረቱንም። «ማጥናት» ስንል ደግሞ ፈተና ደርሶ ደብተር ላይ ማቀርቀር ይታየናል። ስለዚህ «ስተዲ» የሚለው ቃል ለጥናት ብቻ ይመስለንና እንሸሸዋለን። እንግሊዝኛ ግን ለኮሌጅ ትምህርት የሚመርጠው እሱኑ ነው፦ «አይም ስተዲዪንግ አካውንቲንግ»። «ለርን» መኪና መንዳት ወይም ዋና ለሚለማመድ ሰው ይሄዳል። ፈተና ለሚያጠናም «ስተዲዪንግ» ይባላል፤ የትኛው እንደሆነ ከወሬው ይታወቃል።

አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ዋትስ ዩር ሜጀር?» ብሎ ነው። ሜጀር ማለት ተማሪው ዲግሪውን የሚይዝበት ዋና የትምህርት መስክ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የሚበልጥ» ነው፤ እኛ ከ«ሜጀር ጄኔራል» የምናውቀው ቃልም ከዚያው ሥር ነው። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ የሜጀሩ ኮርሶች አንድ ክፍል ብቻ ናቸው። ብዙ ተማሪ መስኩን የሚወስነውም ከገባ በኋላ ነው፤ ጥያቄው ይህን ያህል የተለመደው ለዚህ ይመስለኛል። ሲመልሱ «አይም ሜጀሪንግ ኢን ባዮሎጂ» ይላሉ። ወይም ደግሞ «አይም ኤ ባዮሎጂ ሜጀር»፤ እዚህ ላይ ሜጀር የተባለው ተማሪው ራሱ ነው! እኛ «የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ» እንደምንለው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አነስ ያለ መስክ የያዘ «ማይነር» አለኝ ይላል።

እንግሊዝ አገር ተማሪው ገና ሲያመለክት መስኩን ይመርጣል፤ ስለዚህ «ሜጀር» እምብዛም አይሰማም፣ «ስተዲዪንግ» ይበቃል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ አካባቢ «ሺ ኢዝ ሪዲንግ ሎው» ሲባል ከሰማችሁ ልጅቷ ሕግ እየተማረች ነው እንጂ አሁን መጽሐፍ ገልጣለች ማለት አይደለም።

ካምፓስ ውስጥ «ዲፓርትመንትሽ ምንድን ነው?» መባባል ለምደናል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ሰሚው ይረዳናል፤ ለእሱ ግን ዲፓርትመንት መምህራኑ ያሉበት የትምህርት ክፍል እንጂ የተማሪው መስክ አይደለም።

የእህቴን ልጅ ያስቸገራት ሌላው ነገር ምረቃ ነበር። «በአካውንቲንግ ተመረቅሁ» ውስጥ ያለው «በ» ይዟት «ግራጁዌትድ ባይ አካውንቲንግ» አለች። «ባይ» እዚህ አይገባም። «አይ ሃቭ ኤ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ» ትበል። የዩኒቨርሲቲው ስም ሲመጣ ደግሞ «ግራጁዌትድ ፍሮም» ነው። ገና ካልተመረቀች ከስሙ በፊት «አት» ታስገባለች።