ስለ ናቫሆዎች የተቆላ ፒኞን የሚወራው እና እውነታው

በሙያዬ የሥነ ምግብ አማካሪ ነኝ፤ የምኖረውም አሪዞና ውስጥ ነው። ፒኞን በደረሰ ቁጥር የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ናቫሆዎች ፍሬውን በከረጢት እየሞሉ በአውራ ጎዳና ዳር ይሸጣሉ፤ ያው የታወቀው ማስጠንቀቂያም አብሮ ይመጣል፦ «ተጠንቀቁ፣ ቅባት ነው!» ከአገሬ ልጆች እሰማዋለሁ፣ ከራሳቸው ከናቫሆዎቹ እሰማዋለሁ፣ ይባስ ብሎም ነጭ ጋዋን ከለበሱ ሰዎች እሰማዋለሁ። ሰልችቶኛል።

ለማያውቀው፦ ፒኞን በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮ፣ በዩታ እና በኮሎራዶ ደረቅ ደጋ ላይ የሚበቅል አጭር የፓይን ዛፍ ፍሬ ነው። ከባቄላ ያንሳል፤ ቅርፊቱ ቡናማ እና ጠንካራ ነው። ናቫሆዎች ከነቅርፊቱ ይቆሉትና በጥርስ እየሰበሩ ይበሉታል፤ ወይም በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተው በትኩስ የበቆሎ ቂጣ ላይ እንደ ቅቤ ይቀቡታል።

«ሲቆላ ጥቅሙ ይጠፋል።»

አይጠፋም። ለዘብ ባለ እሳት ከተቆላ ፕሮቲኑ፣ ማዕድኑ እና ፋይበሩ ባለበት ይቆያል። የሚቀንሰው እንደ ቫይታሚን ቢ1 ያለ ሙቀት የማይችል ነገር ነው፤ ለቢ1 ብሎ ፒኞን የሚበላ ሰው ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። ማሳረር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያረረውን ጣሉት።

«ከሱፐርማርኬት ከሚገዛው ጋር አንድ ነው።»

አይደለም። በሱቅ የሚሸጠው በአብዛኛው ከቻይና፣ ከሩሲያ ወይም ከሜዲትራኒያን አገሮች የሚመጣ የሌላ ፓይን ፍሬ ነው። «የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል» እየተባለ የሚወራለት ዘይትም ከኮሪያው ፓይን የሚወጣ ነው፤ ያንን ዝና ለፒኞን ማውረስ አይቻልም። ከበሉት በኋላ ለቀናት አፍን የሚያመርር ጣዕም ትቷል የሚለው ስሞታም በዋናነት ከአንድ የቻይና ዝርያ ጋር የተያያዘ ነው።

«በየዓመቱ ይለቀማል፤ ዋጋው ዝም ብሎ የተጋነነ ነው።»

ፍሬውን በውስጡ የያዘው ኮን ለመብሰል ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ በአንድ አካባቢ የተትረፈረፈ ምርት የሚገኘውም ከስንት ዓመት አንዴ ነው። በዚያ ላይ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2002 እና በ2003 የደረሰው ድርቅ እና ቅርፊት የሚበላው ጥንዚዛ እጅግ ብዙ ዛፍ ፈጅተዋል። ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ በአንድ የለቀመ ሰው ዋጋ ቢጠራ አይፈረድበትም።

«ቅባት ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው አይንካው።»

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይህኛው ነው።

ቅባት መሆኑን ማንም አልካደም። የተፈለፈለ 100 ግራም ፒኞን 630 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከክብደቱም 60 በመቶው ቅባት ነው። ጥያቄው ምን ዓይነት ቅባት ነው የሚለው ነው። አብዛኛው ከሱፍ እና ከወይራ ዘይት ጋር የሚመደብ፣ የማይረጋ ቅባት ነው፤ የሚረጋው ዓይነት ከ100 ግራሙ 10 ግራም አይሞላም። ኮሌስትሮል ደግሞ ጭራሽ የለውም። ኮሌስትሮል ከእንስሳት የሚመጣ ነው፤ ከዛፍ አይለቀምም።

ወደ ስኳሩ እንምጣ። ተፈልፍሎ 30 ግራም የሚሆን አንድ እፍኝ ፒኞን ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት 6 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያም ግማሹ ፋይበር ነው። ከዚህ ጋር ማግኒዚየም፣ ዚንክ እና ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን ይገኛል። ይህ የደም ስኳርን ከጣሪያ የሚያደርስ ምግብ ነው የሚለኝ ሰው ቁጥሩን ያሳየኝ።

አንዲት የናቫሆ አሮጊት አስታውሳለሁ። ስኳር አለባቸው። አንድ የጤና ባለሙያ «ለውዝና የመሳሰለውን ይተዉ» የሚል ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር፤ እርሳቸውም ታዛዥ ናቸውና ከልጅነታቸው ጀምሮ የበሉትን ፒኞን ተዉ። ጠዋት ምን እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው። በስብ የተጠበሰ ቂጣ እና ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ! ስለ ቂጣው ወረቀቱ ላይ አንድም ቃል አልነበረም።

ያ «ፍራይ ብሬድ» የሚባለው ቂጣ የሳህን ስፋት ካለው ብቻውን ከ500 ካሎሪ በላይ፣ ካርቦሃይድሬቱም ከ70 ግራም በላይ ነው። «የአያት ቅድመ አያቶቻችን ምግብ ነው» ተብሎም ይሞገትለታል። ታሪኩ ግን ቅርብ ነው፤ የመጣውም ከመከራ ነው። በ1864 የአሜሪካ ጦር ናቫሆዎችን ከምድራቸው አፈናቅሎ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግር አስጉዞ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቦስኬ ሬዶንዶ በተባለ ስፍራ አጎራቸው። እዚያ የሚሰፈርላቸው ዱቄት ነበር፤ ከዱቄቱ፣ ከስቡ እና ከችግሩ ቂጣው ተወለደ። በ1868 ውል ተፈርሞ ወደ ምድራቸው ሲመለሱም ቂጣው አብሯቸው ገባ። ፒኞን ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረ ምግብ ነው። ነባሩን ከሶ መጤውን በነጻ የሚያሰናብት የጤና ምክር ይገርመኛል። የናቫሆ ምክር ቤት ራሱ ነገሩን ከብዙ ባለሙያ ቀድሞ ገብቶታል፤ በ2014 አልሚነታቸው አነስተኛ በሆነ ምግቦች ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ ግብር ጥሎ፣ አትክልትን፣ ፍራፍሬን እና ለውዝን የመሰሉ ምግቦችን ከሽያጭ ግብር ነጻ አድርጓል።

ስለዚህ ብሉ፤ መጠን ግን አለው። አንድ እፍኝ 190 ካሎሪ ነው፤ ከረጢቱን ታቅፎ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ሳያስበው አራት እፍኝ ይጨርሳል። ከነቅርፊቱ ግዙት፤ መፈልፈሉ እጅን ያዘገያል። ብዙ ሰው ሲቆላው የጨው ውሃ ይረጭበታል፤ እውነተኛው አደጋ ያለውም እዚያ ነው። ቅርፊቱን እየመጠጠ የሚሰብር የደም ግፊት ሕመምተኛ የሚጎዳው በጨዉ ነው። ያለ ጨው ቁሉት፣ ወይም ጨው ያልነካውን ጠይቃችሁ ግዙ። በቂጣ እና በለስላሳ ፋንታ ብሉት እንጂ ደርባችሁ አይሁን።

«ሁሉን ያሟላ ምግብ ነው፤ ሌላ አያስፈልግም።»

ይህ ደግሞ የአድናቂዎቹ ስሕተት ነው። ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። የጥንት ናቫሆዎች ክፍተቱን የሞሉት ከዚያው ደን ነው፦ ከፒኞኑ ጎን የሚበቅለውን ጥድ፣ የእኛን የሐበሻ ጥድ ዘመድ፣ ቅጠሉን አቃጥለው አመዱን በሰማያዊ በቆሎ ገንፎ ውስጥ ይጨምራሉ። አንድ ግራም አመድ ከአንድ ብርጭቆ ወተት የማይተናነስ ካልሲየም ይሰጣል። ፒኞን ከገንፎው እና ከባቄላው ጋር እንጂ ብቻውን ማዕድ አልነበረም።

«ፒኞን የሳንባ በሽታ ያመጣል።»

በ1993 አራቱ ግዛቶች በሚገናኙበት አካባቢ ወጣቶችን በድንገት የገደለው ሐንታ ቫይረስ ነው የዚህ ወሬ ምንጭ። ፍሬው ቫይረስ የለውም። ዝናብ ሲበዛ ፒኞን ይበዛል፣ ፒኞን ሲበዛ የዱር አይጥ ይራባል፣ ቫይረሱም ከአይጧ ሽንት እና ኩስ ጋር በአቧራ ወደ ሳንባ ይገባል። ይህን ሰንሰለት የናቫሆ ሽማግሌዎች ለተመራማሪዎቹ ነግረዋቸው ነበር። የአይጥ ጎሬ እየፈለጉ የተከማቸውን ፒኞን መዝረፍ የለመዳችሁ ካላችሁ ተዉት። የለቀማችሁትን አይጥ በማይደርስበት ዕቃ ክደኑት፤ ያልተቆላውን ከነቅርፊቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት፣ የምትቆሉትም ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ይሁን፤ የተቆላ ፒኞን ቶሎ ይሻግታል።